«ሎሚ» የተባለችው ቮልስ

የአሮጌ መኪና ፍቅር ያለባቸው ሰዎች ሰብሰብ ብለው ሲከራከሩ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሰሞኑን ሰማን። እሁድ ጠዋት ነው። ድሮ ድሮ ያሉ ቮልሶች ከሚጠገኑበት አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ አምስት ስድስት ሰው ቡናውን ይዞ ክርክር ገጥሟል። ስለ ፍሬን አይደለም፤ ስለ ፍሪሲዮንም አይደለም። ስለ ወረቀት ነው! ከድሮ የአሜሪካ መጽሔት ተቀዶ፣ በመስታወት ታቅፎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ የማስታወቂያ ገጽ… ጥቁርና ነጭ የቮልስ ፎቶ፣ ከሥሩ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል፤ «ሎሚ»።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ የሃምሳ ሰባት ሞዴል ናት» ይላል በዕድሜ እኩያችን የሚሆነው ልጅ።

«አንተ ልጅ፣ ቮልስ ዕድሜዋ የሚነበበው ከጀርባዋ ነው ብዬህ የለ?» ይሉታል ሽማግሌው።

እውነታቸውን ነው። የቮልስ የኋላ መስታወት እስከ 1953 መጀመሪያ ድረስ መሀሉ ተከፍሎ ሁለት ነበር። ከዚያ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነ፤ ከ58 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ሰፋ ብሎ አራት ማዕዘን ያዘ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጠራው፤ የእኛን ስንጠራ እንነግራችኋለን።) የቮልስ ሰዎች ይህን እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

እኛ ግን፣ ሐቁን ለመናገር፣ ካንዴላ የት እንደሚገባ እንኳ በቅጡ አናውቅም። የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው። ስለዚህ እነሱ ፎቶዋን ሲመረምሩ እኛ ከሥሯ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርን።

መጀመሪያ የሎሚን ነገር እናጥራ። እኛ አገር ሎሚ በጥምቀት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውራት ናት። አሜሪካኖች ግን ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ የማትረባ፣ ባለቤቷን ከጋራዥ ጋር ያዛመደች መኪናን ነው «ሎሚ» የሚሏት። አስቡት እንግዲህ… አንድ ኩባንያ ገንዘቡን ከፍሎ፣ የገዛ መኪናውን ፎቶ አንስቶ፣ ከሥሩ «የማትረባ» ብሎ ሲጽፍ! በ1960 መጽሔቱን ሲያገላብጥ የነበረ አሜሪካዊ ቆም ብሎ ከማንበብ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው?

ሲያነብ ነገሩ ይገለጥለታል። ይቺ ቮልስ መርከቡ ጥሏት ሄዷል። ለምን? ከተሳፋሪው ፊት ባለችው የዕቃ ማስቀመጫ ኪስ ላይ ያለው ቀጭን የክሮም ጌጥ እንከን ተገኝቶበት። እርስዎ ቢያዩት ልብ አይሉትም ነበር፣ የእኛ ተቆጣጣሪ ግን አይቶታል ይላል ጽሑፉ። ከዚያ ቁጥር ይደረድራል። በቮልፍስቡርጉ ፋብሪካ በቀን 3,000 ቮልስ ይመረታል፤ ሥራቸው መኪናዎቹን መፈተሽ ብቻ የሆነ 3,389 ሰዎች አሉ። ከመኪናው ፈታሹ ይበዛል! በመጨረሻው ፍተሻ 189 ነገር ይታያል፤ ከ50 መኪና አንዷ ትመለሳለች።

ብልጠቱ ገባችሁ አይደል? ትንሿን ጥፋት በአደባባይ ታምናለህ፣ በእሷ ትልቁን እምነት ትገዛለህ።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ መኪና እንደ መርከብ የረዘመ፣ ከኋላው የዓሣ ክንፍ የመሰለ ነገር ያበቀለ ነበር። ማስታወቂያውም እንደዚያው ነው፤ መኪናውን በቀለም ሥዕል ከተፈጥሮው በላይ ይለጥጡትና ከአጠገቡ ቆንጆ ባልና ሚስት ያቆማሉ። በ1959 የቮልስዋገንን ሥራ የተረከበው የኒውዮርኩ ዶይል ዴን በርንባክ የማስታወቂያ ድርጅት ግን ይህን ሁሉ ጣለው። ከ«ሎሚ» እኩል ስሙ የሚነሳው ሌላኛው ገጻቸው «ትንሽ አስብ» ይላል። ገጹ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል የሆነች ቮልስ አለች፣ አበቃ። ከታች ያለው ጽሑፍ ስለ ዘይት ቁጠባ፣ አንድ ጊዜ ገጥመኸው 40,000 ማይል ስለሚሄድ ጎማ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ስለ ማቆም ያወራል። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የራዲያተር ጣጣ የለም። አድቨርታይዚንግ ኤጅ የተባለው የሙያው መጽሔት በ1999 የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ማስታወቂያዎች ሲያወዳድር ይህን ዘመቻ አንደኛ አድርጎታል።

ጽሑፉን የጻፈው ጁሊያን ኬኒግ፣ ገጹን ያቀናበረው ሄልሙት ክሮን ነው። «ሎሚ» የምትለዋን ቃል ግን ያመጣችው እዚያው ቢሮ ማስታወቂያ ትጽፍ የነበረች ሪታ ሴልደን የምትባል ሴት ናት ይባላል። ስሟን የሚጠራላት ብዙ ሰው የለምና እኛ እንጥራላት።

አንድ ነገር ግን እናስተካክል። «ማስታወቂያው ቮልስን ከሞት አስነሳት» የሚል ወሬ አለ፤ ጋራዡም ውስጥ ሰምተነዋል። በ1949 አሜሪካ ውስጥ የተሸጠችው ቮልስ ሁለት ብቻ መሆኗ ልክ ነው። በ1959 ግን፣ ዘመቻው ገና ሳይጦፍ፣ በአንድ ዓመት ብቻ ከ100,000 በላይ ተሸጣለች። መኪናዋ በራሷ እግር ትሄድ ነበር። ታዲያ ማስታወቂያው ምን ሠራላት? እኛ የሚመስለን ስም ነው የሠራላት። «እውነት የምትናገር መኪና» የሚል ስም።

ስም ያስፈልጋት ነበር። ምክንያቱም የቀድሞ ስሟ ከባድ ነው። በ1930ዎቹ ፈርዲናንድ ፖርሽ ይቺን መኪና የቀረጻት ለሂትለር መንግሥት ነው። ዋጋዋ 990 ማርክ ተባለ። ሠራተኛው በየሳምንቱ 5 ማርክ እያወጣ ቴምብር ይግዛ፣ ደብተሩ ላይ ይለጥፍ፣ ሲሞላ መኪናውን ይወስዳል ተባለ። ከ330,000 በላይ ሰው ቆጠበ። ስንቱ ወሰደ? አንድም ሰው! ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው የወታደር መኪና ወደ ማምረት ዞረ። የሠሩበትም ከተያዙ አገሮች ተግዘው የመጡ ሰዎችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካውን ያስነሳው አይቫን ኸርስት የሚባል የእንግሊዝ ሻለቃ ነው።

ጦርነቱ ባበቃ በ14 ዓመቱ ይቺን መኪና ለአሜሪካኖች የማስወደዱን ሥራ የወሰደው ድርጅት መሪ ቢል በርንባክ ደግሞ አይሁዳዊ ነበር። ይህን ስናነብ ለደቂቃ ዝም አልን።

የበለጠ የገረመን ግን ቀኑ ነው። እነዚያ ቴምብር የለጠፉ ጀርመኖች ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያውን ፍርድ ቤት አቁመውታል፤ ጉዳዩ ተጎትቶ ተጎትቶ በስምምነት ያለቀው በ1961 ነው። አዲስ ቮልስ ለሚገዛ እስከ 600 ማርክ ቅናሽ፣ ለማይገዛ 100 ማርክ በእጁ። በእርግጥ ገንዘቡን የሰበሰበው የናዚዎቹ የሠራተኛ ግንባር እንጂ ፋብሪካው አልነበረም፤ ይህን መዝለል አግባብ አይሆንም። ቢሆንም «ሎሚ» በታተመበት በ1960፣ አሜሪካ ውስጥ ስለ ክሮም ጌጥ እንከን ሲናዘዝ የነበረው ኩባንያ፣ አገሩ ላይ ከፍለው መኪና ካላገኙ ሰዎች ጋር ገና እየተሟገተ ነበር። ገጹ ላይ ስለዚህ አንዲት ቃል የለችም። 189 ነገር ተፈትሾ ይቺ አልተፈተሸችም።

ያነበብነውን ለሽማግሌው ነገርናቸው። ያውቁታል! «ያረገዛት ሂትለር ነው፤ ያሳደጋት ግን መካኒክ ነው» አሉን።

«መኪና ደግሞ ምን ኃጢአት አላት?» አለ ወጣቱ።

የላትም። እኛም ቮልስ ስናይ ፈገግ እንላለን፣ አንዋሽም። ክርክራችን ከገጹ ጋር ነው። «ጥፋቴን ራሴ ልንገርህ» የሚል ሰው ሲገጥመን የትኛዋን ጥፋት መርጦ እንደነገረን አንጠይቅም፤ በነገረን ብቻ እንወደዋለን። በመስከረም 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቮልስዋገን በናፍጣ መኪኖቹ ላይ የጭስ ምርመራን የሚያታልል ፕሮግራም መግጠሙን ይፋ አደረገ። ኩባንያውም አመነ፤ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪና ነው። ፈታሾቹን በማስታወቂያ ያስወደደን ኩባንያ የፍተሻ ማሽንን አታለለ! ያን ጊዜ ይህ አሮጌ ገጽ ላይ ስንቱ እንደቀለደበት መገመት አያቅታችሁም።

ክርክሩ ሲበርድ ሽማግሌው ወደ ግድግዳው እያዩ «እኛ አገር ግን ይቺን መኪና ያስተዋወቃት መጽሔት አይደለም» አሉ። የቱን እንደሚሉ ገባን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. (ይሄ የእኛ ነው) በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነው፤ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር። ለኒውዮርኮቹ የመኪናዋ ትንሽነት ቁጠባና ጭዋነት ነበር። ያን ቀን ለእኛ አገር የነገረው ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎቹ መኪና ሲመርጡም ሳያውቁት የመረጡ አይመስለንም።

የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 30 ቀን 2003 ነው፤ ቁጥሯም 21,529,464ኛ። አዲስ አበባ ላይ የቀሩት በእንደዚህ ዓይነት ጋራዦች እየታከሙ፣ ቀለም እየተቀቡ፣ ፓራውልታቸው እየተወለወለ ይኖራሉ።

ልንሄድ ስንል ወጣቱ ብድግ ብሎ ደጅ የቆመች ቮልሱን ከፈተ። አጎንብሶ ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ያለችውን ኪስ በጣቱ ዳበሰ።

«ጋሼ፣ የክሮሟ ጌጥ የለችም እኮ!»

«መጀመሪያም አልነበረችም፤ ስትገዛት ነግሬህ ነበር» አሉት ቡናቸውን ፉት እያሉ።