ከሳምንታዊ አበል ወደ ትምህርት ቤት ፈንድ፦ እንግሊዝ ወጣት ተማሪዎቿን እንዴት ትደጉማለች?

በእንግሊዝ ተማሪዎች 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ብሔራዊ ፈተና ወስደው ሁለት ዓይነት መንገድ ይከፈትላቸዋል። አንደኛው ከኢትዮጵያ የቀድሞው የመሰናዶ ትምህርት ጋር የሚቀራረበው «ሲክስዝ ፎርም» ሲሆን፣ ሌላው የሙያ ሥልጠና የሚሰጥበት ኮሌጅ ነው። በሁለቱም የትምህርት ክፍያ የለም። ሆኖም የመጓጓዣ፣ የምሳና የመሣሪያ ወጪ አለ፤ ልጁ ሠርቶ ያገኘው የነበረው ደመወዝም ይቀራል።

ይህን ለማቃለል መንግሥት በ1999 በተመረጡ አካባቢዎች የትምህርት መደጎሚያ አበል መስጠት ጀመረ፤ በ2004 ደግሞ በመላ አገሪቱ አዳረሰው። እንደ ቤተሰቡ ገቢ ተማሪው በሳምንት 10፣ 20 ወይም 30 ፓውንድ ያገኝ ነበር። ገንዘቡ የሚገባው በራሱ በተማሪው የባንክ ሒሳብ ሲሆን፣ ያለ በቂ ምክንያት ከክፍል ከቀረ የሳምንቱ ክፍያ ይታገድበት ነበር።

በ2010 ሥልጣን የያዘው ጥምር መንግሥት አበሉን ለማስቀረት ወሰነ። ለዚህም ያለ አበሉ ትምህርታቸውን እንደማይቀጥሉ የተናገሩት ተቀባዮች ከመቶ 12 ብቻ መሆናቸውን ያመለከተ ጥናት በማስረጃነት አቀረበ። የፊስካል ጥናት ተቋም በበኩሉ፣ ወጣቶቹ በትምህርት ገበታ በመቆየታቸው ወደፊት የሚያገኙት ተጨማሪ ገቢ የአበሉን ወጪ እንደሚክስ ገለጸ። ተማሪዎች በለንደን አደባባይ ቢወጡም ውሳኔው ጸና።

በ2011 በአበሉ ምትክ 180 ሚሊዮን ፓውንድ የተመደበለት ፈንድ ተቋቋመ፤ የቀድሞው አበል ዓመታዊ ወጪ 560 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ፈንዱ ሁለት ክፍል አለው። በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ያሉ ወይም የነበሩ፣ ራሳቸውን ችለው የድጋፍ ገንዘብ የሚቀበሉ እና የተወሰኑ የአካል ጉዳተኛ ወጣቶች በዓመት እስከ 1,200 ፓውንድ ያገኛሉ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ጭምር ያለ ወላጅ የሚደርሱ ጥገኝነት ጠያቂ ልጆችም በአካባቢ አስተዳደር እንክብካቤ ሥር ስለሚሆኑ በዚህ ምድብ ይካተታሉ። የቀሩትን ችግረኞች የሚለየው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ድጋፉ በጥሬ ገንዘብ ወይም በአውቶቡስ ቲኬት፣ በምግብና በመጻሕፍት መልክ ሊሆን ይችላል።

በዚህ የተነሣ እኩል ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ሁለት ተማሪዎች በተለያዩ ትምህርት ቤቶች የተለያየ ድጋፍ ሊያገኙ ይችላሉ። የቀድሞው አበል መጠን አስቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ ቤተሰብ ከምዝገባ በፊት ወጪውን ማስላት ይችል ነበር።

ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ አበሉን አላስቀሩም። ዌልስ በ2023 ሳምንታዊ ክፍያውን ከ30 ወደ 40 ፓውንድ አሳድጋለች።