ሥዕል ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የት ይሄዳል?

በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽን ያስዋበው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ይህን የሠራው ሰው እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው ግን የማዕድን ምህንድስና ተምሮ እንዲመለስ ነበር። ሌይተን ፓርክ በተባለው ትምህርት ቤት ሳለ መምህራኑ ተሰጥዖውን አዩ፤ ሥነ ጥበብ እንዲያጠናም አበረታቱት። ከዚያም በለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ተማረ። አንድ ታዳጊ በዚያ ዕድሜው እጁን የሚያይለት መምህር ማግኘቱ ለአገር ምን እንደሚያተርፍ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ከአለቃ ደጅ እስከ አስኳላ

ሥዕልን ለታዳጊ ማስተማር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሙያውን የሚያወርሰው ለልጁ ወይም አብሮት ለሚውል ደቀ መዝሙር ነበር። ልጁ ቀለም ይበጠብጣል፣ ሸራውን ያዘጋጃል፣ የመምህሩን መስመር እየተከተለ ይለማመዳል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የቅዱሳኑን ፊት እንዲሥል ይፈቀድለታል።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ ግን አገሪቱ አጥብቃ የፈለገችው ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚና የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ዘመናዊ ሥዕል መማር የፈለገ ባሕር መሻገር ነበረበት። አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ሄዶ ተማረ። የሐረሩ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ግብርና ማጥናት ከጀመረ በኋላ ነው ትቶት በጀርመን አገር በኮሎኝ ሥነ ጥበብ የተማረው።

ይህን መንገድ ያሳጠረው አለ ፈለገ ሰላም ነው። ፍቼ ተወልዶ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የወጣው አለ፣ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምሮ ተመለሰ፤ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ገብረ ክርስቶስና እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረውበታል፤ ዘሪሁን የትምጌታንና ወሰኔ ኮስሮፍን የመሰሉ ሠዓሊዎች ወጥተውበታል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በመሥራቹ ስም ይጠራል።

መካከሉ የተቆረጠ መሰላል

ከላይ ተቋሙ ተገኘ። ከታችም የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ሥነ ጥበብን በአንደኛ ደረጃ አስገብቷል፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም የክወናና ዕይታ ጥበባት መጽሐፍ እስከ ስምንተኛ ክፍል ይደርሳል። የጎደለው መካከሉ ነው። ከ1986 በኋላ በነበረው ሥርዓተ ትምህርት የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ፊዚክስና ታሪክ እየተማረ ሥዕል አልነበረውም፤ በመሰናዶ ያገኘውም ቢኖር ቴክኒካል ድሮዊንግ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ሥዕልን አይጠይቅም። ለፈተና የማይቀርብ ትምህርት ደግሞ በወላጅም በርዕሰ መምህርም ዘንድ ክብር የለውም።

ጉዳቱ ከባድ ነው። ታዳጊው ርቀትንና ብርሃንን አስተውሎ በወረቀት ለማስፈር፣ የሰው ገላን ምጥን ለመረዳት ዓይኑም እጁም የሚበስሉት በእነዚህ ዓመታት ነው። አራት ዓመት እርሳስ ሳይነካ የቆየ ልጅ የሥነ ጥበብ መግቢያ ፈተና ላይ ሲቀርብ የሚያሳየው ሥራ ከየት ይመጣል? የሚያልፈው በግሉ የተለማመደው ወይም ቤተሰቡ ከፍሎ ያስተማረው ነው። የደሃውና የገጠሩ ልጅ ገና ሳይሞክር ይቀራል።

ሥዕል እንጀራ ይሆናል

«ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ለሚለው የቆየ ክርክር ታሪክ መልስ አለው። የአሜሪካው ማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1870 ባወጣው ሕግ ከ10,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ሁሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የኢንዱስትሪ ንድፍ በነፃ እንዲያስተምር አስገደደ። ሕጉን የገፉት ባለፋብሪካዎች ነበሩ፤ ምርታቸው በንድፍ ከአውሮፓው ጋር መወዳደር አቅቶት ነበርና። ሸማ፣ ቆዳ፣ የቤት ዕቃና ሕንፃ ለምትሠራ ኢትዮጵያም ጉዳዩ ያው ነው። ከዚህም በላይ፣ ገበያ ባያወጣው እንኳ አስተውሎ ማየት የተማረ ወጣት የላሊበላን ድንጋይና የሰፈሩን ቤት የሚያይበት ዓይን ሌላ ነው።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠየቅም። በየሁለተኛ ደረጃው አንድ የሠለጠነ መምህር፣ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ወረቀት፣ እርሳስና ከሰል በቂ መነሻ ነው። የተማሪው የዓመት ሥራ ተሰብስቦ ይመዘን፤ ውጤቱም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ይያዝለት። በአሜሪካ ኤፒ የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ የሥዕል ትምህርት ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚመዘነው በዚሁ መንገድ ነው። በዚያ አገር ልጆች የምታሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ልጃችሁ በትምህርት ቤቱ ሥዕል ልምረጥ ሲል አትከልክሉት። እዚህ አገር ቤት ሥርዓተ ትምህርት የምትቀርጹ ባለሙያዎችም መካከሉን ቀጥሉት። ቀጣዩን አፈወርቅ ለማግኘት ልጆቻችንን ወደ ባሕር ማዶ ልከን በአጋጣሚ መታመን የለብንም።