ከተድባበ ማርያም እስከ ሜልተን

በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከባድ ፈተና ላይ ወደቁ። ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. የዘለቀው ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሎ፣ መጻሕፍትን አመድ አድርጎ፣ መምህራንን በትኖ ነበር። በ6ኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ያሬድ እንደ ደረሰው የሚታመነው ዜማ ደግሞ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ የሚሻገር ነው። ቃሉ በብራና ቢጻፍም አወጣጡ በሰው ልብ ውስጥ ነበር፤ መምህሩ ሲሞት የያዘው አብሮት ይቀበራል።

በዚያ ጥፋት ማግስት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአማራ ሳይንቷ ተድባበ ማርያም የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መላ ዘየዱ። ከታወቀ የዜማ ሐረግ አንድ ሁለት ፊደል እየወሰዱ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት አኖሩ። ያንን ምልክት ያየ ሊቅ ዜማው ወዲያው ትዝ ይለዋል። ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ርክርክ የሚባሉት ምልክቶችም ድምፁ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚወርድና እንደሚርገበገብ ያመለክታሉ። ዛሬ የድጓ ተማሪ የሚያጠናው መጽሐፍ በእነዚህ ምልክቶች ተሞልቷል። ጥንታዊ ብለን የምናከብረው የዜማ ጽሕፈት በዘመኑ አዲስ ፈጠራ ነበር፤ የወለደውም የመጥፋት ስጋት ነው።

ይህን ታሪክ ከሜልበርን በስተ ምዕራብ፣ ወደ ባላራት በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ከምትገኘው ከሜልተን ሆኖ ማሰብ ይጠቅማል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል አድርገው አውስትራሊያ የገቡት ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ የተሰባሰቡት እንደ ፉትስክሬይ ባሉ ቀረብ ያሉ ሰፈሮች ነበር። ቤት ፍለጋ ወደ ምዕራብ የገፉ ቤተሰቦች ዛሬ እዚህ ልጅ ያሳድጋሉ። የወላጆችም ጥያቄ ጌራና ራጉኤል ከገጠማቸው ጋር ይመሳሰላል፤ እኛ ካለፍን በኋላ በልጆቻችን ዘንድ ምን ይቀራል?

መልሱን ለመፈለግ የቅኔ ቤትን አሠራር ማየት ያሻል። ተማሪው ከመምህሩ ግሱንና አገባቡን ይሰማል፤ ቀን ዛፍ ሥር ወይም ዋሻ አፋፍ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያርማሉ። በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምርና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ያድጋል። ቁራሽ ለምኖ፣ በጎጆ አድሮ ዓመታት የሚደክመው የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ ለመድገም አይደለም። በማኅሌት ላይ የሚቀርበው ቅኔ ለዚያ ዕለት አዲስ ሆኖ መምጣት አለበት፤ ትናንት የተባለው ዛሬ ቢደገም ባለቤቱን ያሳፍራል። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው፣ የሚወለደው ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ይህን ሙያ ከአባታቸው ቀስመው በጎጃም ጉባኤ ዘርግተዋል። የወንዶች ብቻ ይመስል በነበረው ወንበር ላይ አንዲት ሴት ስትቀመጥ ሥርዓቱ አልፈረሰም፤ እንዲያውም በእሳቸው በኩል ወደ ብዙ ደቀ መዛሙርት ተሻገረ።

ከዚያው የእውቀት ቤት የወጣው ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማም ሌላ ምሳሌ ነው። ቅኔን ከአባቱ ከአለቃ ለማ ኃይሉ ተምሮ፣ ለንደን ሄዶ ዘመናዊውን ትምህርት ቀጠለ። ሲመለስ የአባቱን ትዝታ ከአንደበታቸው ቀድቶ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳተመ። የ19ኛው መቶ ዘመን ተማሪዎችና ሊቃውንት እንዴት ይኖሩ እንደነበር ዛሬ በዚያ መጽሐፍ የምናነበው፣ አንድ ልጅ በጊዜ ቁጭ ብሎ አባቱን ስላዳመጠ ነው።

በሙዚቃውም መንገዱ ይኸው ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስ፣ በለንደን፣ ኋላም በቦስተን ተማረ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ እነዚህን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች፣ ከጃዝ ስምምነት ጋር ሲያጋባ ጭንቀቱ ቅኝቱ ጠባዩን እንዳያጣ ነበር። በ2000ዎቹ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜም ክራርን ለማዘመንና በያሬድ ላይ ኦፔራ ለመድረስ ሠርቷል። የእኛዋ ሜልበርንም የዚህ ታሪክ ተካፋይ ናት። ኢትዮጵያዊት ድምፃዊት ያለችበት የከተማዋ የሙዚቃ ቡድን ብላክ ጂሰስ ኤክስፒሪየንስ ከሙላቱ ጋር በ2016 እና በ2020 እ.ኤ.አ. አልበሞችን አውጥቷል። በእነዚህ ሥራዎች የኢትዮጵያ ቅኝት ከአውስትራሊያውያን ሳክስፎንና ከራፕ ጋር ተገናኝቷል።

ጌራና ራጉኤል፣ እማሆይ ገላነሽ፣ መንግሥቱ ለማ፣ ሙላቱ በዘመንም በሙያም ይራራቃሉ። አንድ የሚያደርጋቸው ግን አለ። ሁሉም በቅድሚያ የወረሱትን ጠንቅቀው አወቁ፤ ከዚያ ዘመናቸው የሰጣቸውን ወይም ራሳቸው ያበጁትን መሣሪያ ይዘው አዲስ ሠሩበት። ሥሩን ሳያውቁ መቀላቀል ባዶ ጌጥ ይሆናል፤ ዐውቆ ዝም ብሎ መጠበቅም ከመምህሩ ጋር መቀበር ነው።

በሜልተን ልጆቻችንን በበዓል ቀን የአገር ልብስ እናለብሳቸዋለን፣ እስክስታ እናስወርዳቸዋለን። ይህ መልካም ነው፣ ግን አይበቃም። ከልብሱ ጋር ስልቱም ይሰጣቸው። በቤታቸው ኪቦርድ ላይ ትዝታንና አንቺሆዬን ለይተው እንዲያውቁ እናስተምራቸው፤ የራሳቸውን ዜማ ሲያወጡበትም አንከልክላቸው። ከቅኔ ቤት ሥርዓት ተውሰን በአማርኛ ሁለት ስንኝ እንዲገጥሙ እንጠይቃቸው፤ ስለ ዓባይ ብቻ ሳይሆን ስለ ሜልተን ባቡርና ስለ ትምህርት ቤታቸውም ይግጠሙ፤ እኛም እንደ የኔታ እናርማቸው። አያት ከአገር ቤት ሲመጡ ልጆቹ ስልክ ይዘው ከጎናቸው ተቀምጠው ይጠይቋቸው፣ ድምፃቸውንም ይቅዱ። ለዚህ ሁሉ የተለየ ሕንፃም በጀትም አያስፈልግም፤ በሳምንት አንድ ማታና የሚያርም አዋቂ ይበቃል። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነገ ማንም ያላለውን ስንኝ ይዞ ሲመጣ የያሬድ ትምህርት በሜልተን ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።