የወላጅ ቤት በትምህርት ቤት ደጅ

በአዲስ አበባ፣ ከጉለሌ ከፍታ በታች እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ በተዘረጋው ሰፈር፣ ኢትዮጵያ ለዘመናዊ ትምህርት ካቆመቻቸው ቤቶች ታላላቆቹ ተፈሪ መኰንን፣ እቴጌ መነን፣ ጄኔራል ዊንጌትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ይገኛሉ። ስለዚህ ወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት ሲል ከርስቱ ርቆ በትምህርት ቤት ደጅ ሁለተኛ ቤት ስለ መያዙ ልማድ መጻፍ የሚሻ ሰው ነገሩን ከጉለሌ ቢጀምር አይሳሳትም፤ ሥሩን ለማግኘት ግን ወደ ቤተ ክህነት ጉባኤ መመለስ ግድ ይሆንበታል።

በቀደመው ዘመን መኳንንቱ ለልጆቻቸው ንባብና ዳዊት የሚያስተምር ካህን በቤታቸው ቢያኖሩም፣ ከዚያ በላይ ያለው ዕውቀት በየሊቁ ወንበር ተከፋፍሎ ይኖር ስለ ነበር፣ ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ፣ ድጓ የፈለገ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር መሄድ ነበረበት። ወላጅም ልጁን ተከትሎ አይሰደድም፤ ልጁ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ ከወጣ በኋላ፣ ከጉባኤ ቤቱ አጠገብ ከጓደኞቹ ጋር ጎጆ ይቀልሳል፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከመንደሩ ቍራሽ ይለምናል፣ ከመምህሩም እግር ሥር ተቀምጦ ይማራል። እንግዲህ በዚያ ሥርዐት ቤቱን ተማሪው በገዛ እጁ ይሠራዋል፣ ቀለቡን ምእመናን ይሰጡታል፣ ጥበቡን መምህሩ ያድለዋል፤ የአባቱ ሀብት ብዛትና ማነስ በጉባኤው ደጅ እምብዛም አይጠየቅም ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ግን ሌላ ዐይነት ቤት ታየ። ዐፄ ምኒልክ ለመኳንንቶቻቸው በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ ስላደሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ የራስ መኰንን፣ የደጃች ውቤ፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እየተባለ በየጌታው ስም ተጠራ፤ ራስ መኰንንም ሐረርጌን እየገዙ በመናገሻው ከተማ ግቢ እንደ ነበራቸው ሁሉ፣ ጠቅላይ ግዛት የሚያስተዳድር መኰንን ሁለተኛ ቤቱን ለደጅ ጥናትና ለግብር ይይዝ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በግብጻውያን መምህራን ከተከፈተ፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ከተመረቀ ወዲህ፣ ሹመት ከቤተ መንግሥት ደጅ ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ደጅም የሚገኝ ሆነ፤ አባት ለደጅ ጥናት የያዘው ግቢም ለልጁና ለዘመዱ ልጅ የትምህርት ማደሪያ ለመሆን በቃ።

ግቢ የሌለው የባላገር ልጅስ? ለእርሱ ከሁሉ የሚበልጠውን ቤት የሠራው መንግሥት ነው። ጠላት ከተባረረ በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ዓ.ም. በጉለሌ ወገን ጄኔራል ዊንጌት ሲከፈቱ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡ ልጆች በአዳሪነት እየኖሩ ምግባቸውንና መኝታቸውን ከትምህርት ቤቱ አገኙ፤ የገበሬና የመኰንን ልጅም በአንድ ማዕድ ተቀመጠ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ፣ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመረቅ የተማሪው ቍጥር እየበዛ ሄደ። አዳሪነት ያልደረሰው በዘመድ ቤት ይጠጋል፤ አቅም ያለው የክፍለ ሀገር ነጋዴም ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ ቤት ያሠራል፣ በአንዱ ክፍል ልጆቹን ከአክስታቸው ወይም ከታላቅ እኅታቸው ጋር ያኖራል፣ የቀረውን ያከራያል።

ይህ ልማድ ገና በመስፋፋት ላይ ሳለ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ በባለቤትነት እንዳይዝ ተከለከለ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ሲገቡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። በሀብት ብዛት ትርፍ ቤት ያከማቸውና፣ ልጁን ለማስተማር ሲል አንዲት ተጨማሪ ቤት የሠራው በአንድ ሚዛን ስለ ተመዘኑ፣ ሁለተኛ ቤት ገዝቶ ልጅን ማስተማር በሕግ ተዘጋ፤ የዘመድ ቤት ግን በዐዋጅ የሚዘጋ አልነበረምና ሸክሙ ሁሉ በእርሱ ላይ ወደቀ።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ መንገዱ ዳግመኛ ተከፈተ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ሲቀር ቤት የግል ሀብት መሆኑ ስለ ጸና፣ ከ1990ዎቹ መገባደጃ ወዲህም የጋራ መኖሪያ ቤቶች በዳር ከተማ ስለ ተስፋፉ፣ ዕጣ የደረሰው ወላጅ የራሱን ቤት አከራይቶ ልጆቹ በሚማሩበት ሰፈር ተከራይቶ መኖርን፣ ገንዘብ የተረፈውም መግዛትን ተያያዘው። ለዩኒቨርሲቲ ግን ልማዱ እንዲህ አልበረታም፤ ምክንያቱም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪን በአብዛኛው የሚመድበው መንግሥት ስለ ሆነ፣ የአዲስ አበባው ልጅ ወደ ጎንደር፣ የወለጋው ወደ ሐዋሳ ሲላክ መኝታውም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ይሰጠዋል፤ ምደባው ሳይታወቅ አስቀድሞ ቤት የሚገዛ ወላጅ እምብዛም አይገኝም። በታላላቅ የቻይና ከተሞች ግን የትምህርት ቤት መግቢያ ከመኖሪያ ሰፈር ጋር ስለ ተያያዘ፣ በስመ ጥር ትምህርት ቤት አጠገብ ያለች ጠባብ ቤት ከሰፊ ቤት በላይ ትሸጣለች፤ የወላጅ ሀብትም በልጁ ዕጣ ፈንታ ላይ ይሠለጥናል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንማረው፣ ዕውቀት ፈልጎ ከአገሩ የወጣ ልጅ ማደሪያ ማግኘቱ በአገራችን የአባቱ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩም ዕዳ ሆኖ መኖሩን ነው። ለልጁ ቤት የሚገዛ ወላጅ አይነቀፍም፤ ይልቁንም የሚያስመሰግነው ፍቅር ነው። ነገር ግን ያቺ ቤት ለራሱ ልጅ ብቻ ከተዘጋች ከአባቶቻችን ሥርዐት ትወጣለችና፣ አንዱን ክፍል ለወንድሙ ወይም ለጎረቤቱ ልጅ ቢከፍት፣ መንግሥትም አዳሪ ትምህርት ቤቶችን ለድኻው ልጅ ቢያበዛ፣ መንደሩና መምህሩ ለቆሎ ተማሪው የከፈሉትን እኛም በዘመናችን እንከፍላለን።