ስለ መዝሙር መሪነት

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። ምሳሌው ስለ ሥራ ሁሉ የተነገረ ቢሆንም በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ለሚመሩ ወጣቶች ከሁሉ ይልቅ የሚስማማ ይመስለኛል። መዘመር አንድ ነገር ነው፤ ማዘመር ደግሞ ሌላ ነው። የሚዘምር ሰው የራሱን ድምፅ ያሰማል፤ የሚያዘምር ሰው ግን የሌላውን ድምፅ ያወጣል። የኋለኛው ከፊተኛው ይከብዳል፤ ራስን ወደ ኋላ ማድረግን ይጠይቃልና። ይህንንም ከወለጋ ታሪክ እያመሳከርሁ ላስረዳችሁ እወዳለሁ። ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ የተወለደ ሰው ነበር። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ሲሆን፥ ትርጓሜውም «ፈቺ» ወይም «ተርጓሚ» ማለት ነው። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። በዚያም አገር በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1872 ተጠመቀ፤ ኋላም ወደ ስዊድን አገር ተልኮ ለአምስት ዓመት ያህል ተማረ። እንግዲህ ይህ ሰው ከዚያ ሲመለስ የስዊድን መዝሙር በአፉ የሞላ፥ የአውሮጳም ዜማ በጆሮው የተቀረጸ ነበር። ያንኑ ይዞ ቆሞ ቢዘምር የሚከለክለው አልነበረም፤ የሚሰማውም ሁሉ ባደነቀው ነበር።

ዳሩ ግን ለእርሱ የቀለለው ለሕዝቡ የሚቀልል እንዳልሆነ ተረዳ። ስለዚህ መዝሙሮቹን ወደ ኦሮምኛ እየመለሰ በ1887 የመዝሙር መጽሐፍ አሳተመ። ልብ በሉ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ የታተመው በ1899 ነው። ሕዝቡ ሙሉውን መጽሐፍ ከማግኘቱ ከ12 ዓመት በፊት የሚዘምረው መዝሙር ተዘጋጅቶለት ነበር ማለት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ትምህርት አለ። ኦኔሲሞስ ከአገሩ የተወሰደው በሕፃንነቱ ስለ ነበር የእናቱ ቋንቋ በአፉ እንደሚፈለገው አልበሰለለትም። ይህንንም አልደበቀም። እርሱ በአውሮጳ የተማረ ሰው ሲሆን፥ ከባርነት ነፃ ወጥታ በ1886 እምኩሉ ከደረሰችው ከወጣቷ ከአስቴር ጋኖ ዘንድ ቋንቋን ሊማር ወደደ። አስቴር ከልጅነትዋ የሰማቻቸውን ወደ 500 የሚሆኑ ተረቶች፥ እንቆቅልሾች፥ ምሳሌዎችና ዘፈኖች በጽሑፍ አኖረች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በወጣው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ታትመዋል። በትርጉሙም ሥራ ብዙ ረዳችው። ሕዝብን ሊያዘምር የሚወድ ሰው አስቀድሞ የሕዝቡን አፍ መማር አለበትና።

በሌላም አገር የሆነው እንዲሁ ነው። ማርቲን ሉተር በጀርመን አገር የቤተ ክርስቲያን ዜማ በላቲን ቋንቋ በመዘምራን ብቻ ሲዜም ባየ ጊዜ፥ ገበሬውና ሸማኔው በገዛ ቋንቋቸው የሚዘምሩትን መዝሙር ደረሰ። በ1524 የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ የያዘው ስምንት መዝሙር ብቻ ነበር። ስምንቱም ግን ሕዝቡ የሚይዛቸው ስለ ነበሩ ከከተማ ወደ ከተማ በፍጥነት ተዛመቱ።

በ1904 ኦኔሲሞስና አስቴር ከጓደኞቻቸው ጋር ነቀምቴ ሲደርሱ፥ ቀድሞ ኩምሳ ሞረዳ ይባሉ የነበሩት ገዥው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በደስታ ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ኦኔሲሞስ በኦሮምኛ መስበኩ ግን ክስ አመጣበት፤ በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። አጼ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ቢፈቅዱለትም እንዳይሰብክ ተከለከለ፤ እስከ 1916 ድረስ በማስተማር ብቻ ተወስኖ ኖረ። እንግዲህ ሕዝቡ በሚያውቀው ቋንቋ ማገልገል ዋጋ የተከፈለበት ነገር መሆኑን አትርሱ።

በ1944 ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ደንብ አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገ። እኔም ከዚያው ትምህርት የወጣሁ ሰው ነኝ። አማርኛን እወዳታለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው በእርስዋ ነው። ነገር ግን በወጣትነቴ ያደረግሁትን አንድ ጥፋት ልንገራችሁ።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ተመልሼ በአንዲት የወለጋ ከተማ መዝሙር እንድመራ ታዘዝሁ። ጊታር ተምሬ ነበርና ከጓደኞቼ ጋር ሦስት አዳዲስ የአማርኛ መዝሙሮች አዘጋጀሁ። ለእኔ ድምፅ የሚያምረውን ከፍታ መረጥሁ፤ ለሴቶቹና ለሽማግሌዎቹ ይድረስ አይድረስ አላሰብሁም። ወጣቶቹ አጨበጨቡልን። ከገጠር በእግራቸው የመጡት እናቶች ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ቆሙ። ስንወጣ አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፥ በዚህ ሳምንት የልጄን ልጅ ቀብሬ ነው የመጣሁት። የማውቀውን መዝሙር ዘምሬ ላለቅስ ነበር። አንተ ግን ተራዬን ወሰድህብኝ።»

የምመልሰው ቃል አጣሁ። ደግነታቸው እንጂ ቁጣ በፊታቸው አልነበረም፤ ያም ይበልጥ አሳፈረኝ። ክፉ አልዘመርሁም ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያ ቀን የተዘመረው ለእኔ ክብር እንጂ ለእርሳቸው ኀዘን አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በደርግ ዘመን በወለጋ ብዙ የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ምእመናኑም በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰበሰቡ ጀመር። ጊታሩም ኦርጋኑም አብረው አልመጡም፤ መዘምራኑም ተበተኑ። በዚያን ጊዜ በዝግታ ሲዘመር የሰማሁት እናቶቹ በቃላቸው የያዙትን አሮጌውን የኦሮምኛ መዝሙር ነው። እኛ በመድረክ ላይ ብቻችንን የዘመርናቸው ሦስቱ መዝሙሮች ግን አንዳቸውም አልተሰሙም፤ ለሕዝቡ አልሰጠናቸውምና ሕዝቡ ሊያኖራቸው አልቻለም።

ዛሬ ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል፤ መልካምም ሆኖአል፤ ልጆች በቋንቋቸው ይማራሉ። ነገር ግን በግዕዝ ፊደል መዝሙር ያነበብን ሽማግሌዎች አዲሱን መጽሐፍ ይዘን የቆምንበት ጊዜ አለ፤ መሪው አንድ ጊዜ ቃሉን ቀስ ብሎ ቢያነብልን ኖሮ አብረን በዘመርን ነበር። አሮጊቷ በዚያ ቀን የተሰማቸውን ያን ጊዜ በደንብ ዐወቅሁት።

ስለዚህ መዝሙር የምትመሩ ወጣቶች ሆይ፥ አዲስ መዝሙር አታምጡ አልላችሁም። ኦኔሲሞስም በዘመኑ ያመጣው አዲስ ነበር። አዲሱን ስታመጡ ግን በአንድ ቀን አንዱ ይበቃል፤ እርሱንም በሚታወቁት መካከል አኑሩት። ከመጀመራችሁ በፊት ቃሉን አስጠኑ። ዜማውን እናቶች በሚደርሱበት ከፍታ አንሡ። አባቶቻችን በገጠር ሲዘፍኑ አንዱ ያወጣል፥ ሌላው ይቀበላል፤ ተቀባይ ከሌለ አውጪው ምን ያደርጋል? መካከል ላይ መሣሪያውን ጸጥ አድርጋችሁ አድምጡ። የሕዝቡ ድምፅ ከተሰማ ሥራችሁ ተሠርቶአል። የእናንተ ብቻ ከተሰማ ግን ዜማው ያማረ ቢሆንም እንኳ የአንድ ሰው ተራ ተወስዶአልና፥ ማን ዝም ብሎ እንደ ቆመ ዐይናችሁን አንሥታችሁ ተመልከቱ።