«መንኮራኩርን እንደ ገና መፈልሰፍ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ

ሌላው ሠርቶ የጨረሰውን ሥራ ሳያስፈልግ ከመነሻው የሚጀምርን ሰው እንግሊዞች መንኮራኩርን እንደ ገና ፈለሰፈ ይሉታል። ፈሊጡ በጽሑፍ በስፋት የሚገኘው ከ20ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ስለ ሆነ፣ በመንኮራኩር ዕድሜ ሲመዘን የትናንት ልጅ ነው። በአንድ የፈሊጦች መዝገብ ረቂቅ ውስጥ ቃል በቃል ተተርጉሞ አግኝተነዋል፤ ረቂቁ ታትሞ ተማሪዎች እጅ ከገባ ማረሙ ብዙ ዓመት ይፈጃልና ከወዲሁ ልንመረምረው ወደድን።

ችግሩ ከስሙ ይነሣል። መንኮራኩር ከግእዝ የወረስነው፣ በትንቢተ ሕዝቅኤል የምናውቀው የሠረገላ እግር ነው። የጠፈር ዘመን በ1950 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ግን ቃሉ ለጠፈር መጓጓዣ ስለ ተሰጠ፣ የዛሬው ተማሪ ትርጉሙን ሲያነብ የሚታየው ሮኬት እንጂ ጋሪ አይደለም። «ጎማ» ይባል ቢባል፣ ከኢጣሊያንኛ የመጣው ይህ ቃል በመሠረቱ የላስቲኩ ስም ነው።

ሆኖም ጎማ ራሱ ፈሊጡን የሚፈትን ታሪክ አለው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊልያም ቶምሰን በአየር የሚነፋ ጎማ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1845 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በ1847ም ለንደን ውስጥ በሠረገላ ላይ ገጥሞ አሳየ። ላስቲኩ ግን ውድ ነበረ፤ ብስክሌትም ገና አልተስፋፋም ነበርና ሥራው ተረሳ። ከ40 ዓመት በኋላ በቤልፋስት የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንዳይንገጫገጭ ሲል ያንኑ ነገር ከራሱ አፈለቀ፤ በ1888ም አስመዘገበ። ጥቂት ቆይቶ የቶምሰን ቀዳሚነት ስለ ታወቀ መብቱ ፈረሰ። ዓለም በአየር በሚነፋ ጎማ መሄድ የጀመረው ግን ከደንሎፕ ወዲህ ነው! የእንግሊዞቹ ፈሊጥ እንዲህ ያለውን ድካም ከከንቱው ድካም አይለይም።

የወፍጮ ቃሎቻችን ይለያሉ። እህል መጀመሪያ ይሸረከታል፣ ተመልሶም ይሰለቃል፤ ሁለተኛው መፍጨት ባይኖር እንጀራው አይሆንም። ከንቱ የሚሆነው የተሰለቀውን ዱቄት እንደ ገና ወፍጮ ላይ መጫን ነው።

ስለዚህ በረቂቁ የገባው ተሰርዞ «የተሰለቀን መልሶ መፍጨት» እንዲተካ ሐሳብ እናቀርባለን። ይህ ከእኛ የመነጨ ነው፤ ሕዝቡ ለዚሁ ጉዳይ የሚናገረውን ነባር ፈሊጥ የሰሙ አንባብያን፣ ከተነገረበት አውራጃ ስም ጋር ቢጽፉልን የእኛን በደስታ እንተዋለን።