ደራሲ የተወደደ ባለ ታሪኩን ሊገድል ይገባዋልን?

ተረት በቃል ብቻ ይነገር በነበረበት ዘመን ተራኪና አድማጭ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። ተራኪዋ አያት የልጆቹን ዓይን እየተመለከተች ታሪኩን ታስረዝማለች፤ ታሳጥራለች፤ ከልጆቹ የአንዱ ዕንባ ሲመጣ ያየች እንደ ሆነም ጅብ የዋጠውን ግልገል ከጅቡ ሆድ በደኅና አውጥታ ለእናቱ ትመልስለታለች። ታሪኩ የእርሷም የአድማጮቿም ነውና ይህን በማድረጓ የሚወቅሳት የለም። የማተሚያ መኪና ከተስፋፋ በኋላ ግን ደራሲ ለማያያቸው ሰዎች ብቻውን በክፍሉ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ሆነ። አንባቢው መጽሐፉን ገዝቶ ሲገልጠው የባለ ታሪኩ ዕድል አስቀድሞ ተቈርጧል፤ ቢያለቅስም ልቅሶውን ደራሲው አይሰማለትም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ አንባቢዎች ደራሲውን «እባክህ አትግደልብን» ብለው የለመኑበት፣ የተቈጡበት፣ አንዳንድ ጊዜም አሸንፈው ሙቱን ያስነሡበት ጊዜ በታሪክ ይገኛል። ታሪኩ የማን ነው? የጻፈው ሰው ነው ወይስ የወደደው ሕዝብ? ጥያቄው ዛሬም በየሳምንቱ ልብ ወለድ ለሚጽፍ፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ለሚያዘጋጅ ሁሉ የሚደርስ ነው። ነገሩ ጐልቶ የሚታየው በእንግሊዝ አገር የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስለ ሆነ አብዛኛውን ምሳሌ ከዚያው እንወስዳለን። ዓመቶቹም «ዓ. ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» የተባለውን ተውኔቱን ሲጽፍ ታሪኩን ከራሱ አልፈጠረውም። በ1605 የታተመ ስለዚሁ ንጉሥ የሚናገር ሌላ ተውኔት ነበረ። በዚያ ተውኔት ንጉሡ መንግሥቱን መልሶ ያገኛል፤ እውነቱን ስለ ተናገረች ብቻ ያባረራት ታናሺቱ ልጁም በሕይወት ትኖራለች። ሼክስፒር ግን ያችን ልጅ፣ ኮርዴሊያን፣ በእስር ቤት በገመድ አሳንቆ ሽማግሌው አባት ሬሳዋን ታቅፎ ወደ መድረክ እንዲወጣ አደረገ። ተመልካቾች ይህን መሸከም አልቻሉም። በ1681 ኔሆም ቴት የተባለ ባለ ቅኔ ተውኔቱን እንደ ገና ጽፎ ኮርዴሊያን ከሞት አዳናት፤ ኤድጋር ለተባለው መኰንንም ዳራት፤ አባቷንም ወደ ዙፋኑ መለሰው። የእንግሊዝ ሕዝብ ከ140 ዓመት በላይ በቲያትር ቤት ያየው ይህንኑ የተጠገነውን ሊር ነበር። በ1823 ኤድመንድ ኪን የተባለው ተዋናይ የኮርዴሊያን ሞት መለሰ፤ በ1838 ደግሞ ዊልያም ማክሬዲ ቴት ሰርዞት የነበረውን የንጉሡን ቀልደኛ ሳይቀር ወደ መድረክ አመጣ።

ቴትን እንደ ተራ አጥፊ አድርጎ መሳቅ ቀላል ነው። ሆኖም የሼክስፒርን ሥራዎች በ1765 አርሞ ያሳተመው ታላቁ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ የኮርዴሊያ ሞት ልቡን ስለ ሰበረው፣ ለእርማቱ ሥራ ግድ እስኪሆንበት ድረስ የመጨረሻውን ክፍል ተመልሶ ለማንበብ እንዳልደፈረ ጽፏል። እንግዲህ ሐዘኑ ያላዋቂ ሐዘን አይደለም። ነገር ግን ኮርዴሊያ የዳነች እንደ ሆነ የንጉሡ ስሕተት በይቅርታ ብቻ የሚታለፍ የአንድ ቀን ቍጣ ይሆናል። ሐሰተኛ ውዳሴን ሰምቶ እውነተኛዪቱን ልጅ ያባረረ ንጉሥ ምን እንደሚከፍል የሚያሳየን የተሸከመው ሬሳ ነው፤ ቴትም ሬሳውን ሲያነሣው ክፍያውን አብሮ አነሣው።

ቴት ደራሲውን የተዳፈረው ከሞተ በኋላ ነው። ደራሲው በሕይወት ሳለ፣ ገና እየጻፈ ሳለ መለመን የተቻለው ልብ ወለድ ተከፋፍሎ መታተም በጀመረ ጊዜ ነው። አንባቢው የዛሬውን ክፍል አንብቦ የነገውን ሲጠብቅ ብዕርና ወረቀት ያነሣል። የምድጃው ዙሪያ በፖስታ ተመለሰ ብንል አናጋንንም።

የዚህ ነገር ፊታውራሪ ሳሙኤል ሪቻርድሰን ነው። ሪቻርድሰን ሥራው አታሚነት ሲሆን፣ «ክላሪሳ» የተባለውን በደብዳቤዎች የተዋቀረ ረዥም ልብ ወለዱን ከ1747 መጨረሻ እስከ 1748 መጨረሻ ድረስ በሦስት ጊዜ ከፍሎ አወጣው። ክላሪሳ የተባለችውን ጨዋ ልጅ ላቭሌስ የተባለ መልከ ቀና ወሮበላ አታሎ ከቤቷ ያስወጣታል፤ በመጨረሻም ራስን የሚያስት መድኃኒት አጠጥቶ ክብሯን ይደፍራል። ልጅቱ ልትሞት መሆኑ አስቀድሞ ስለ ተወራ ደብዳቤው ጐረፈ። ሌዲ ብራድሼ የምትባል ወይዘሮ ስሟን ለውጣ እየጻፈች ላቭሌስ ይመለስና ያግባት ብላ ደራሲውን አጥብቃ ለመነችው። ከልመናዋም የተነሣ ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ። ሐሳቡን ግን አልለወጠም።

ሪቻርድሰን እንቢ ያለበትን ምክንያት በደብዳቤውም በመጽሐፉ መጨረሻም ገልጧል። የተመለሰ ወሮበላ ከሁሉ የተሻለ ባል ይሆናል የሚለውን የጊዜውን አባባል አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበርና፣ ክላሪሳን ለደፋሪዋ ከዳራት አንባቢዎቹ በደልን ሁሉ ሠርግ ያጥበዋል ብለው እንዳያምኑ ፈራ። ይህ ፍርሃት ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1949 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባችው ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር፤ ይህም የቀረው በ1997 ዓ. ም. በጸናው የወንጀል ሕግ ነው። ለክላሪሳ ይለምኑ የነበሩት ደጋግ ወይዘሮዎች ሳያውቁት ይጠይቁ የነበረው እንዲህ ያለውን ዕርቅ ነው።

ከመቶ ዓመት ያኽል በኋላ ቻርልስ ዲክንስ በየሳምንቱ በሚወጣ መጽሔት ትንሺቱን ኔልን ከአያቷ ጋር በየመንገዱ አንከራቶ በ1841 መጀመሪያ ላይ ገደላት። እርሱንም እንዲያተርፋት በደብዳቤ ለምነውት ነበር። በኒውዮርክ ወደብ ሕዝቡ ከእንግሊዝ የሚመጣውን መርከብ ቆሞ እየጠበቀ ኔል ሞታለች ወይ ብሎ ይጮኽ ነበር እየተባለ ይተረካል። ሞቷን አስቀድሞ ያሳሰበው ወዳጁ ጆን ፎርስተር ነው፤ ዲክንስም ሲጽፈው በ1837 በ17 ዓመቷ የሞተችውን የሚስቱን እኅት እያስታወሰ እጅግ አዝኗል። የኋላ ዘመን ሰዎች በዚህ ምዕራፍ ቢስቁበት መገደሏ ስሕተት ሆኖ አይደለም፤ ደራሲው ከቀብሩ ቦታ አልነሣ በማለቱና ለአንባቢው የሚያለቅሰውን ዕንባ ሳይተውለት ራሱ አልቅሶ በመጨረሱ ነው።

እነዚህ ሁሉ የውጭ አገር ሙታን ናቸው። የእኛ አገር አንባቢ ደግሞ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ሞት ያውቃል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ. ም. ሲያሳትሙ መጽሐፉ እንደ ሙሉ ሥራ አንድ ጊዜ ስለ ወጣ መንገድ ላይ የሚለምናቸው አልነበረም። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ አድማጩ ቀጣዩን ክፍል በጕጕት ቢጠብቅ፣ የባለ ታሪኮቹ ዕጣ ግን በወረቀት ላይ ከተወሰነ ቆይቷል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ደራሲው ምንም አለመደበቃቸው ነው፤ መቃብሩ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ተጽፏል። አንባቢው አውቆት ይገባል፤ ገብቶም ምናልባት ይተርፉ ይሆናል እያለ እስከ መጨረሻው ይመኛል። ፊታውራሪ መሸሻ በትውልዳቸው በመመካት ልጃቸውን ከድኻ ልጅ ሲለያዩ፣ ያ ትምክሕት በአንድ ሠርግ የሚፈርስ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ በጊዜው በነበረው ሥርዐት ላይ ያቀረበው ክስ ክስ ባልሆነም ነበር። በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሞቱት ታሪኩ ገና ከመነሻው ወደዚያ ስለ ወሰዳቸው ነው።

አሁን ደግሞ ታሪኩ ሳይጠራው የመጣ ሞት እንመልከት።

አርተር ኮናን ዶይል ሐኪም ነበረ። በ1891 ለንደን ገብቶ የዓይን ሕክምና ቢከፍትም በሽተኛ ሳይመጣለት ስለ ቀረ በብዕሩ ለመኖር ቈረጠ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው «ስትራንድ» የተባለው ወርኃዊ መጽሔት ሸርሎክ ሆልምስ የሚባለውን ወንጀል መርማሪ ታሪክ ያትምለት ጀመር። የዶይል ብልኀት ይህ ነበር፤ በተከታታይ የሚወጣ ልብ ወለድ አንድ ክፍል ያመለጠውን አንባቢ ያርቀዋልና፣ ባለ ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ሆኖ እያንዳንዱ ታሪክ ግን በየወሩ በራሱ እንዲያልቅ አደረገ። በዚህም ሆልምስ በየወሩ መጀመሪያ ቤታቸው እየመጣ የሚጠይቃቸው ዘመድ ያኽል ሆነላቸው።

ደራሲው ግን ቶሎ ሰለቸው። ስሜን ያስጠራሉ ብሎ የሚደክምባቸው የታሪክ ልብ ወለዶቹ ነበሩ፤ ሆልምስም ከእነርሱ አዘናጋው። ገና በ1891 መጨረሻ ልገድለው አስቤአለሁ ብሎ ለእናቱ ጻፈላት። እናቱ ተቃወመች፤ ሆልምስም በአንዲት እናት አማላጅነት ሁለት ዓመት ያኽል ተጨመረለት። ዶይል አሳታሚዎቹ ዋጋውን ሰምተው ይተዉኛል በማለት ለአሥራ ሁለት ታሪክ 1000 ፓውንድ ቢጠይቅ ሳያቅማሙ ከፈሉት። በ1893 ስዊዘርላንድን ሲጐበኝ የራይኸንባኽን ፏፏቴ አየና ለሆልምስ የሚገባ መቃብር ሆኖ አገኘው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በወጣው «ስትራንድ» ሆልምስና ሞሪያርቲ የተባለው የወንበዴዎች አለቃ ተያይዘው ወደ ገደሉ ወደቁ።

20000 ያኽል ደንበኞች መጽሔቱን መግዛት አቆሙ ይባላል። አንዲት ሴት በስድብ የሚጀምር ደብዳቤ እንደ ላከችለት ዶይል ራሱ ተርኳል። እርሱ ግን ራሱን ለመከላከል የፈጸመው ግድያ ስለ ሆነ ፍርድ እንደማይገባው በመናገር ይቀልድ ነበር። ሆልምስን በአሜሪካ በተውኔት ሊያሳይ የፈለገው ተዋናይ ዊልያም ጂሌት ላጋባው ይፈቀድልኛልን ብሎ በቴሌግራም ቢጠይቀው፣ ብታጋባው ወይም ብትገድለው ወይም ያሻህን ብታደርገው ፈቃድህ ነው አለው። ሰው ለገዛ ልጁ እንዲህ ያለ መልስ አይሰጥም።

የአንባቢው ቍጣ በዚህ ጊዜ እውነት ነበረበት እላለሁ። እውነት ያደረገው የድምፁ ብዛት አይደለም፤ ለክላሪሳ የጮኹትም ብዙ ነበሩ። ሞሪያርቲ ሆልምስን በገደለበት በዚያው ታሪክ ውስጥ የተፈጠረ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ስሙም አልተነሣ። ገዳዩ ለአንድ ቀን ሥራ የተቀጠረ ባይተዋር ነው። ሬሳውንም ያየ የለም፤ ወዳጁ ዋትሰን ያገኘው ወደ ገደሉ አፋፍ የሄደ ኮቴና አንዲት ደብዳቤ ብቻ ነው። ክላሪሳ የሞተችበትን ምክንያት ከመጽሐፉ ማውጣት አይቻልም፤ የሆልምስ ሞት ግን ከደራሲው ድካም በቀር ሌላ ምክንያት አልነበረውም፤ ስለዚህም በቀላሉ ተነቀለ። አሳታሚዎች ገንዘቡን ሲያቀርቡ በሩ ተከፍቶ ነበር።

ዶይል በ1901 «የባስከርቪል ውሻ»ን ሲጽፍ ነገሩ ከሞቱ በፊት የተደረገ ነው በማለት አሳለፈው። በ1903 ግን አንድ የአሜሪካ መጽሔት ለአሥራ ሦስት ታሪክ 45000 ዶላር አቀረበለት፤ ሆልምስም ተነሣ። ወደ ገደሉ የወደቀው ሞሪያርቲ ብቻ ነበር፤ ሆልምስ በገደሉ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ለሦስት ዓመት ተደብቆ ቆይቷል ተባለ። ዋትሰን ሲያየው ራሱን ስቶ ወደቀ፤ አንባቢው ግን ተሰልፎ ገዛው። ዶይልም እስከ 1927 ድረስ ስለ ሆልምስ መጻፉን አልተወም፤ በ1930 ራሱ ሲሞት መርማሪውን በገጠር ንብ እያነባ በሰላም ትቶት ሄደ።

ከትንሣኤው በኋላ የወጡትን ታሪኮች ያነበበ አንድ የኮርንዎል ጀልባ ቀዛፊ ለዶይል አንድ ነገር እንዳለው ደራሲው ራሱ ያወራ ነበር፤ ሆልምስ ከዚያ ገደል ሲወድቅ ባይሞትም እንኳ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ያው ሰው አልነበረም አለው።